በልጅነት ገብቶ በእርጅና የሚገለጥ

በደሴ፣ በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሰላሙ አለይኩም። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

የእድራችንን ዳኛ አመሰግናለሁ። ከመዋጮው በፊት ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። እድር ስንሰበሰብ ብዙ ጊዜ የምናወራው ሰው ካረፈ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ንፍሮው። እኔ ዛሬ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ስላሉት ዓመታት ላውራችሁ። ብዙ ናቸው። ሃምሳ፣ ስድሳ ዓመት ሊሆኑ ይችላሉ።

እስኪ እጃችሁን አውጡልኝ። ቤቱ ውስጥ «ኧረ ጨጓራዬን» የሚል ሰው ያለው ማነው? አያችሁ? ያላወጣውን መቁጠር ይቀላል። ጠዋት ጠዋት ተልባ ወይም አብሽ የሚበጠበጥበት ቤትስ? ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል እየገዛ ኪሱ የሚይዝስ? እሺ፣ አውርዱ። አመሰግናለሁ። እማማ፣ እርስዎ ጥያቄ አለዎት መሰለኝ፣ እጅዎን አላወረዱም። መጣሁ፣ አልረሳዎትም።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው መቼ እንደሚገባብን። ሁለተኛ፣ ከገባ በኋላ ዓመታት ምን እንደሚሠሩ። ሦስተኛ፣ በየትኛው ዕድሜ ምን ማድረግ እንዳለብን። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። የራሴ ቤት ሐዘን ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል። ጠመዝማዛ ነው። ጨጓራችንን ከውስጥ በሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ስር ተጠልሎ ይኖራል። ድሮ ሐኪሞች ጨጓራ ውስጥ አሲድ ስላለ ባክቴሪያ አይኖርበትም ይሉ ነበር። አልሰር የሚመጣው በጭንቀትና በቅመም ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን የሻሩት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል። እ.ኤ.አ. በ1982 ከሕሙማን ጨጓራ የተወሰደውን ናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ ለማብቀል ይሞክሩ ነበር። አልሳካ አላቸው። ሁለት ቀን ይጠበቅና ምንም ካልታየ ይጣላል። ከዚያ የፋሲካ በዓል መጣ። ሳህኑ ሳይጣል ቆየ። ከበዓል ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ አገኙት። ለካስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ኖሯል!

ያኔም ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ራሱ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ማስታወክ ጀመረ። ጨጓራው ሲታይ ተቆጥቶ ተገኘ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ባክቴሪያ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ጋር መደበው። ትምባሆ ያለበት ምድብ ማለት ነው። ዋረንና ማርሻልም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እሺ፣ መቼ ነው የሚገባብን? ልብ በሉልኝ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በልጅነት ነው። ብዙው ሰው አሥር ዓመት ሳይሞላው ይይዘዋል። ከማን? ከቤተሰብ። ከእናት፣ ከአባት፣ አብሮ ከሚተኛ ወንድም። በአፍ ይተላለፋል፣ በትውከት ይተላለፋል፣ ከመጸዳጃ ባልታጠበ እጅና በቆሸሸ ውሃ ይተላለፋል። ሰው በተጨናነቀበት፣ ውሃ ባጠረበት ቤት ይበረታል። አራት ልጆች በአንድ አልጋ ሆነን ያደግን ሰዎች ይህን ለማመን አይቸግረንም።

እኛ የአይጠየፍ አገር ሰዎች ነን። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ሰው ከሰው ሳይጠያየፍ አንድ ላይ የሚበላበት ማለት ነው። ይህ ክብራችን ነው። ስለዚህ ጉርሻ ተዉ፣ ማዕድ ለዩ ልላችሁ አልመጣሁም። እጅ ይታጠብ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ከመጸዳጃ ሲመጣም ወደ ማዕድ ሲቀረብም ይታጠብ ነው የምለው። እህል አላምጦ ለሕፃን ማጉረስ ግን ይቅር። ይቺን ብቻ እለምናለሁ።

በአገራችን የተደረጉት ጥናቶች ሲደማመሩ ግማሽ ያህሉ ሰው ባክቴሪያው አለበት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት። ወይ እናንተ ናችሁ ወይ እሱ ነው። አትደንግጡ! አብዛኛው ሰው አብሮት ኖሮ አንድም ቀን ሳይሰማው ያልፋል። ባክቴሪያው ካለባቸው 100 ሰዎች ካንሰር የሚይዛቸው ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ናቸው። ባክቴሪያ አለብኝ ማለት ካንሰር አለብኝ ማለት አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ አይደለም። ግን አንዴ ከገባ በራሱ ጊዜ ወጥቶ የሚሄድ አይደለም። ካልታከመ ሰውዬው እስኪያረጅ አብሮት ያረጃል።

ሁለተኛው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ዓመታቱ።

ሥራዬ ኢንዶስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ይገባና የጨጓራን ውስጥ ያሳየኛል። የወጣት ጤነኛ ጨጓራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ሮዝ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ እጥፋቱ ወፍራም ነው። ባክቴሪያው አርባ ሃምሳ ዓመት የኖረበት ጨጓራ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። እጥፋቱ ይጠፋል። ይገረጣል። ይሳሳል። ከስር ያሉት የደም ሥሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የደሴን ብርድ የምናውቅ ሰዎች ጋቢ እናውቃለን። አዲስ ጋቢ ላይ ክሩን ለይታችሁ አታዩትም። አባታችሁ ሃያ ዓመት የለበሱትን ጋቢ ወደ ፀሐይ አንሱት እስኪ። ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሳሳ ጨጓራ ልክ እንደዚያ ነው። በስክሪኑ ላይ ባየሁት ቁጥር የአባቴ ጋቢ ነው የሚመጣብኝ።

መንገዱን በቅደም ተከተል ያስቀመጠው ፔላዮ ኮሪያ የሚባል ኮሎምቢያዊ ሐኪም ነው። መጀመሪያ ጨጓራ ይቆጣል። ለብዙ ዓመት እንደተቆጣ ይቆያል። ቀጥሎ ይሳሳል። ቀጥሎ የጨጓራው ሽፋን የአንጀት ሽፋን እየመሰለ ይሄዳል። ከዚያ ሴሎቹ ቅርጻቸው ይበላሻል። መጨረሻው ካንሰር ነው። ይህ ጉዞ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ብዙው መጀመሪያው ላይ ይቀራል። ጨው የበዛበት ምግብና ሲጋራ ግን ጉዞውን ያፋጥኑታል። በርበሬ ሊያቃጥል ይችላል እንጂ ባክቴሪያ አይወልድም። እናቶች በወጣቸው እየተወቀሱ ኖረዋልና ይህን ስናገር ደስ ይለኛል።

በጃፓን የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ባክቴሪያው ያለባቸው 1,246 ሰዎችና የሌለባቸው 280 ሰዎች ስምንት ዓመት ገደማ ክትትል ተደረገላቸው። ካለባቸው 36ቱን ካንሰር ያዛቸው። ከሌለባቸውስ? አንድም ሰው አልያዘውም። አንድም!

አሁን የቤቴን ልናገር።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቱ በፊት እናቴ ተልባ ትወቅጥለታለች፣ ቆሞ ጠጥቶ ይወጣል። ጨጓራው የልጅነት ጓደኛው ነበር፤ ሁልጊዜ ያቃጥለዋል፣ ሁልጊዜ ይችለዋል። 66 ዓመቱ ላይ ሥጋ አስጠላኝ አለ። ጥቂት በልቶ ጠገብኩ ማለት አመጣ። ቀበቶው ላይ በወስፌ አንድ ቀዳዳ ጨመረ። ከወር በኋላ ሌላ ጨመረ። ቤተሰቡ ሁሉ ስለ ባክቴሪያ ሰምቷልና ሂድ ተመርመር አሉት። አንድ ክሊኒክ ሄዶ ተመረመረ።

ውጤቱ «የለም» የሚል ነበር። ባክቴሪያ የለብዎትም፣ ነጻ ነዎት፣ ተባለ።

ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አደረገው። ለጎረቤት ባለሱቅ ያሳያል፣ ቡና ላይ ለተሰበሰበው ያሳያል። እኔ ያኔ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፣ ሌላ ከተማ። ስልክ ደወለልኝ። «ልጄ፣ ነጻ ነኝ አሉኝ» አለኝ። እኔም እሰይ አልኩ። ተመስገን አልኩ። ስለ ቀበቶው አልጠየቅሁም። ስለ ሥጋው አልጠየቅሁም። «የለም» የምትለዋ ቃል ሁላችንንም አሳረፈችን። ከሰባት ወር በኋላ ጥቁር ሰገራ ወጣውና ራሱን ስቶ ወደቀ። ኢንዶስኮፒ ሲደረግ ካንሰሩ ጨጓራውን አልፎ ወጥቶ ነበር። ብዙም አልቆየ። የቀበርነው በክረምት ነው። ወረቀቷ ከኮቱ ደረት ኪስ ተገኘች።

እንዴት ነው ባክቴሪያው የሚያመጣው በሽታ ይዞት ባክቴሪያው የጠፋው? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞርኩ። መልሱ ዕድሜ ነው።

ምስጥ የበላው ምሰሶ አይታችኋል? ከውጭ ደህና ይመስላል። ስትሰነጥቁት ባዶ ነው። ምስጡን ብትፈልጉት የለም። የሚበላው ሲያልቅበት ሄዷል። ኤች ፓይሎሪም እንደዚያ ነው። የሚኖረው በጨጓራ ሽፋን ላይ ነው። ያ ሽፋን ሳስቶ፣ አንጀት መስሎ፣ አሲዱም ሲቀንስ፣ ባክቴሪያው መኖሪያ ያጣል። ይመናመናል። አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል። በደም ውስጥ ያለው ምልክቱም ከዓመታት ጋር ይቀንሳል። ጉዳቱ ግን ቀርቷል። ስለዚህ የአንድ አዛውንት ውጤት «የለም» ሲል ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ኖሮ አያውቅም። ወይ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከዚያ በፊት የተሠሩትን 19 ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስቦ በዕድሜ ለያቸው። የጨጓራ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ከሌለባቸው ጋር አነጻጸረ። ዕድሜያቸው ከ30 በታች በሆኑት ላይ ባክቴሪያው ከካንሰሩ ጋር ያለው ቁርኝት ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆነ። 9.29 ነው ቁጥሩ። ዕድሜ ሲጨምር ቁርኝቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ፣ 70 ዓመት ላይ 1.05 ደረሰ። 1.05 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ሰምቶ «እንግዲያው ሽማግሌ ላይ ባክቴሪያው ጉዳት የለውም» የሚል ይኖራል። ልክ አይደለም! ሁለት ምክንያት አለ። አንዱን በምስጡ ነግሬያችኋለሁ፤ በሽማግሌው ላይ ባክቴሪያው ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው ይሄ ነው። በክረምት ደሴ ጭቃ ያልነካው ጫማ የለም። ከጦሳ ተራራ የወረደውን ሰው በጫማው ጭቃ ትለዩታላችሁ? አትለዩትም፤ ሁሉም ጭቃ ነው። በበጋ ቢሆን ግን ወዲያው ትለዩታላችሁ። በዕድሜ የገፋው ትውልድ ላይ፣ የታመመውም ያልታመመውም ባክቴሪያው ነክቶታል። ስለዚህ ሁለቱን ብታነጻጽሩ ልዩነቱ አይታይም። ወጣቶቹ ላይ ግን ይታያል።

ሌላም ሰው በተቃራኒው «ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ ወጣቶች በብዛት ይታመማሉ ማለት ነው» ይላል። እሱም አይደለም። ከ30 በታች የጨጓራ ካንሰር በጣም ጥቂት ነው። በሽታው የሚበዛው በዕድሜ በገፉት ላይ ነው። ወጣት ላይ ሲገኝ ግን ባክቴሪያው አብሮ የመገኘቱ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ቁጥሩ የሚለው ይህንን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጋሼ የያዛት ወረቀት አልዋሸችም። እኛ ነን ያላነበብናት። ለ25 ዓመት ልጅና ለ66 ዓመት ሰው አንዷ ቃል አንድ ትርጉም የላትም። ይህን ነው ዛሬ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ የምፈልገው፣ ሌላውን ብትረሱት እንኳ።

ሦስተኛ። ምን እናድርግ?

ከወጣቶቹ ልጀምር። ባለፈው ዓመት ከኮምቦልቻ አንድ ባጃጅ ነጂ መጣ። 27 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ኦሜፕራዞል እየገዛ ውጧል። መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል፣ ቃጠሎው ይጠፋል፣ ሲያቆም ይመለሳል። ባክቴሪያው ግን አልተነካም። እንዲያውም ኦሜፕራዞል እየዋጡ የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ከተደረገ፣ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ሁለት ሳምንት አስቆምኩትና ሰገራው ተመረመረ። ተገኘ። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከኦሜፕራዞል ጋር ለ14 ቀን ሰጠሁት። በአምስተኛው ቀን ደወለ። «ዶክተር፣ አፌን መረረኝ፣ ደግሞም ተሽሎኛል፣ ላቁመው?» አለ። አታቁም! ለእናንተም እንደዚሁ ነው የምለው። መሀል ላይ ሲቆም ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ሁለተኛ ማዳን ይከብዳል። ልጁ ጨረሰ። መድኃኒቱን ከጨረሰ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሰገራው እንደገና ተመረመረ። በደም አይደለም፤ የደም ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም አለ ሊል ይችላል። ነጻ ሆነ። በእሱ ዕድሜ ነጻ ማለት ነጻ ማለት ነው።

ወጣትነት ላይ የምጮኸው ለምንድን ነው? በቻይና 1,630 ባክቴሪያው ያለባቸው ሰዎች ተወስደው ግማሹ ታከመ፣ ግማሹ አልታከመም። ለሰባት ዓመት ተኩል ተከታተሏቸው። በጠቅላላው ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ከታከሙት 7፣ ካልታከሙት 11 ሰው ካንሰር ያዘው። ጨጓራቸው ገና ያልሳሳውን፣ ገና ያልተለወጠውን ብቻ ለይተው ሲያዩ ግን ካልታከሙት 6 ሰው ታመመ። ከታከሙት ማንም አልታመመም። ምስጡን ምሰሶው ሳይበላ መግደል ይሄ ነው።

ለልጆች ግን አትቸኩሉ። ልጄ ሆዴን አለኝ ብላችሁ ሁሉንም ልጅ ለባክቴሪያ አታስመርምሩ። ሐኪሙ ምክንያት አይቶ ይዘዝ። ለልጆች ሳሙናውና ንጹሕ ውሃው ይበልጣል።

ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በጨጓራ ካንሰር የሞተበት ሰው ካለ ደግሞ፣ ሳያምመውም ይመርመር። በኮሪያ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከታከሙት 1.2 በመቶ፣ ካልታከሙት 2.7 በመቶ የሚሆኑት ካንሰር ያዛቸው። ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። እኔ ራሴ ከጋሼ በኋላ አባቴን፣ አክስቶቼን፣ የጋሼን ልጆች ሁሉ በየተራ አስመርምሬያለሁ። አባቴ ሦስት ወር ተከራክሮኝ ነው የሄደው። ተገኘበት፣ ታከመ። ዛሬ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ አባቶቼና እናቶቼ። ስድሳን ያለፋችሁ። «እኛማ አልፎብናል» እንዳትሉኝ። በሆንግ ኮንግ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ 60 ዓመት ሞልቷቸው የታከሙ ሰዎችም በጊዜ ሂደት ተጠቅመዋል። ግን የእናንተ ምርመራ በሰገራ ብቻ አያልቅም። ከስድሳ በኋላ አዲስ የጨጓራ ሕመም ከጀመራችሁ፣ ወረቀቱ «አለ» ይበል «የለም» ይበል፣ ጨጓራው ራሱ በኢንዶስኮፒ ይታይ። አምስት፣ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቱቦው ሲገባ ያቅለሸልሻል፣ አልዋሻችሁም። ያልፋል።

በየትኛውም ዕድሜ ደግሞ እነዚህን ካያችሁ አንድ ቀን አትደሩ። ሳትፈልጉ ኪሎ መቀነስ። ጥቂት በልቶ መጥገብ። ምግብ ሲዋጥ መያዝ። የማያቋርጥ ትውከት። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ። ያለ ምክንያት የመጣ ደም ማነስ። ቀበቶውን እዩት! በቤታችሁ ያለ አዛውንት ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ከጨመረ፣ ቀሚሷ ከሰፋባት፣ ዝም አትበሉ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል። ምርመራው ይጨመርበት።

ግማሽ ሰዓቴ አልቋል፣ ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እማማ፣ ቀድመው እጅ ያወጡት እርስዎ ነዎት። እባካችሁ፣ ማይኩን ለእማማ አቀብሉልኝ።